የእባብ ደቦ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሳር ማጨጃው ውስጥ ቤንዚን ሊሞላ ብሎ ግማሹን ሳሩ ላይ ደፋው። እኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ወንበሬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ መስኮቱንም ዘጋሁ። ባለቤቴ ዘሀራ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ ተመለሰች። ሃያ ስንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ቤንዚን ሸተተኝ ብሎ ሲሸሽ ለማያውቀው ያስቃል። ማደያ ቆሜ ስቀዳ እኮ ምንም አይለኝም። ሳርና አፈር ላይ ሲፈስ የሚሸተው ግን ሌላ ነው። እሱ የሚወስደኝ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ወደነበረች አንዲት ኮረብታ። ዕድሜ ብዙ ነገር አስረስቶኛል፤ መጀመሪያ የተከራየሁትን አፓርታማ ቁጥር እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ያቺን ቅዳሜ ግን ልርሳሽ ብላት እምቢ ብላኛለች።

ጊዜው ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ዓመቱን በትክክል ንገረን ካላችሁኝ እኔና ዘሀራ ስንከራከር ይመሻል፤ እሷ የምትቆጥረው በልጆቹ ልደት ነው፣ እኔ በነዳኋቸው መኪናዎች። ጋዝ፣ እዚህ ቤንዚኑን ጋዝ ነው የሚሉት፣ በጋሎን ከአንድ ዶላር ብዙ ያልራቀበት፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠርበት፣ በርበሬ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣበት ዘመን ነበር። ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ኮት እንለብሳለን፤ ሱሪያችን ከወገቡ ላይ እንደ መጋረጃ የታጠፈ ነው። ካሴት ከሰው ተውሰን አንዱን ቴፕ ከሌላው ፊት አስቀምጠን ነበር የምንቀዳው። ታዲያ አንድ የምወደው የትዝታ ካሴት መሃሉ ላይ የሆነ ሰው ሁለቴ ያስላል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ዘፈኑን አሁን ልጆቼ በስልካቸው ጥርት አድርገው ሲያሰሙኝ እዚያች ቦታ ላይ ሳሉን እጠብቃለሁ፣ ሲቀር ቅር ይለኛል።

እኔና ብርሃኑ ያኔ አንድ ታክሲ ለሁለት እንነዳ ነበር። ቀኑ የእኔ ነው፣ ሌሊቱ የእሱ። ቁልፉን የምንቀባበለው ኮልፋክስ ላይ ካለች አንዲት ዶናት ቤት ደጃፍ፣ የሳንቲም ስልኩ አጠገብ ነው። ዶናት ቤቷ አሁን ልብስ ማጠቢያ ሆናለች፤ ስልኩም ተነቅሎ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ብርሃኑ የፒያሳ ልጅ ነው፣ እኔ የከሚሴ። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም። እሱ ረጅም ስለሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶት ያድራል፣ እኔ በየጠዋቱ ወደ ፊት እስበዋለሁ። "አንተ ግመል፣ እግርህን እቤት ትተህ ና" እለዋለሁ። "አንተ ድንክ፣ ትራስ ግዛ" ይለኛል። ቀናችን የሚከፈተው እንዲህ ነበር። ብርሃኑን እወደው ነበር፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ከማልወደው ሰው የመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ አላመነዥከውም ነበር።

ወደዚያ ኮረብታ ያደረሰን የአረፋ በግ ነው። አፓርታማ ውስጥ በግ አይታረድ ነገር፤ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ደግሞ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ማን እንዳረደው፣ በማን ስም እንዳረደው አይታወቅ። ስለዚህ እኔና ብርሃኑ አንድ እሁድ ታክሲዋን ይዘን ወደ ምሥራቅ ነዳን። ብርሃኑን የወሰድኩት ለእንግሊዝኛው ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ የመንገድ ስምና የሂሳብ ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ አፌ ይያዛል። ሜዳው ማለቂያ የለውም፣ ዛፍ የለው፣ ሰው የለው። ከብዙ መንዳት በኋላ አጥር ላይ በእጅ የተጻፈ "በግ ይሸጣል" የሚል ሰሌዳ አገኘን። በሩን የከፈቱልን ማዘር ዶሪስ ነበሩ። ሰባን የዘለሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጭን፣ እጃቸው የአናጢ እጅ የሚመስል ሴትዮ ናቸው። "ማዘር" ብሎ የጀመረው ብርሃኑ ነው፤ እኛም ተከተልነው፣ እሳቸውም ወደዱት። የመጀመሪያውን በግ ሳርድ አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ውኃ አጠጣሁት፣ ከሌሎቹ በጎች ዞር አደረግኩት፣ ቢላዋውን እስከ መጨረሻው ከኋላዬ ደበቅኩ። ማዘር ብርሃኑን "ለምንድን ነው ቢላዋውን የሚደብቀው?" ብለው ጠየቁት። "በጉ እንዳያይ ነው፤ ሌሎቹም እንዳያዩ" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታ ነበር።

በዓመቱ ክርስቲያኖቹም ለፋሲካ መምጣት ጀመሩ። እንደምታውቁት የእኛና የእነሱ ሥጋ አንድ ላይ አይሰቀልም። ማዘር ይህን ማንም ሳያስረዳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አይተው ገባቸው። በሚቀጥለው ስንሄድ ጎተራው ጎን ሁለት የብረት መስቀያ አስተክለው አገኘናቸው፤ አንዱን ሰማያዊ ቀብተውታል፣ አንዱን ነጭ። "ሰማያዊው የሀሰን ሰዎች፣ ነጩ የብርሃኑ ሰዎች" አሉ። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ያንን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና ብለው መረቋቸው። ማዘር አማርኛውን ባይሰሙም እጃቸውን ዘርግተው "አሜን" አሉ።

ማዘር ሁለት ሕግ ነበራቸው። በር ከፍታችሁ አትሂዱ፤ ኮረብታው ላይ አትውጡ። ኮረብታው ከጎተራው ጀርባ ነው፣ ድንጋያማ፣ ያን ያህል ከፍታ የሌለው። ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያ ጅራቱ የሚንሿሿው እባብ፣ እኛ "ባለቃጭሉ" ያልነው፣ ክረምቱን ተሰብስቦ ይተኛል። በረዶው ሲቀልጥ ብቅ እያለ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያ በሜዳው ይበተናል። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ ሽኮኮ የሚያካክሉ እንስሳት የቆፈሩት ጉድጓድ ሞልቷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጉጉት ይኖርበታል። ጉጉት በጠራራ ፀሐይ ጉድጓዷ ደጃፍ በረጃጅም እግሮቿ ቆማ መጀመሪያ ሳያት "አዑዙ ቢላህ" ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ እኛ አገር ጉጉት ደጅህ ላይ መጣች ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማዘር በሳቅ ሞቱ። እባቦቹን ለምን እንደማያስገድሏቸው ሳስጠይቃቸው "አይጥ ይበሉልኛል፣ አይጥ ደግሞ የበጎቼን እህል ይበላብኛል" አሉ። "እኔ እነሱ ቤት አልሄድም፣ እነሱም እኔ ቤት አይመጡም።" እኔ የእባብ ወዳጅ አይደለሁም፤ ልጅ ሆኜ ስንቱን በዱላ ጨርሻለሁ። ግን የሰው ቤት ነው፣ ሕጉም የባለቤቷ ነው።

ብርሃኑ አንድ ድክመት ነበረበት፤ ባዕድ መባልን አይወድም። "እኔ እዚህ አገር እንግዳ ሆኜ አልሞትም" ይል ነበር። ጨዋታችን መሃል ላይ ስቆ ስቆ እንደገና ኮስተር ብሎ ነው የሚለው። ከማዘር ቤት ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ ባለ ረጅም ሪዝ ሰውዬን በታክሲው አድርሶ ተዋወቀው። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣው መጣ፣ ቀጥሎ ቦት ጫማው፣ ቀጥሎ ዘለበቱ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ቀበቶ። በዚያች ከተማ በየጸደዩ የእባብ ለቀማ በዓል አላቸው። ከየጉድጓዱ ለቅመው አንድ ሜዳ ላይ ያመጣሉ፣ ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ሙዚቃ አለ፣ ሰልፍ አለ። ባለ ሪዙ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነው። ብርሃኑ ይህን ሲነግረኝ ሳቅኩ። "ሰው ደመራ ያጣ ጊዜ እባብ ይሰበስባል" ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም።

ያን ዓመት አረፋና ፋሲካ ተቀራርበው ዋሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰማያዊውም ነጩም መስቀያ ሥራ በዛበት። ከዚያ ማዘር ለዓይናቸው ሕክምና ቶርንተን ከተማ ልጃቸው ጋ ሊከርሙ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት ብርሃኑን ሳይጠሩ፣ አስተርጓሚ ሳይፈልጉ፣ የበሩን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በጣቶቻቸው አጠፉልኝ። እኔ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በጎቹን አበላለሁ፣ ውኃ እሞላለሁ። በሕይወቴ ብዙ ቁልፍ ይዣለሁ፣ አንዱም የእኔ አልነበረም፤ ያንን ግን ኪሴ ውስጥ ስነካው ደስ ይለኝ ነበር። ዘሀራ "ሰማንያ ያሰርክ መሰለህ እንዴ፣ ምን ታቅፈዋለህ" ትለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ዶናት ቤቷ ደጃፍ ስንገናኝ ብርሃኑ መኪናው ውስጥ አልገባም። ባርኔጣውን እያስተካከለ፣

"ሀሰን፣ ቅዳሜ ሥራ አለብን" አለኝ። "የማዘር ልጅ ፈርታለች። እናቴ ዓይኗ ሳይድን ከእባብ ጋር እንዴት ትኖራለች ብላ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ለቅሞ ሩቅ ቦታ ሊለቅላቸው ነው። በነፃ። ሰው ግን ያንሳቸዋል።"

"ማዘር እሺ ብለዋል?"

"ኮል አድርጌላቸው ነበር። እሺ ብለዋል።"

"እኔ እያለሁ ደውል" አልኩት።

ፊቱ አልተለወጠም። ሳንቲም አስገብቶ ደወለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ማዘር እንደ ሽማግሌ ሁሉ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ ድምፃቸው ከመነጋገሪያው አልፎ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን ይጠፋብኛል። እሱ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እሳቸው መለሱ፤ በመልሳቸው መሃል "ሀሰን" ሲሉ ጥርት ብሎ ሰማሁ። ስሜ ነበረ። ብርሃኑ ስልኩን ሰቀለ።

"ምን አሉ?"

"'ሀሰን በሩን ይክፈትላቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ በለው' አሉ። ዎሪ አታድርግ፣ ሁሉን ነገር አሬንጅ አድርጌዋለሁ።"

ስሜን በጆሮዬ ስለሰማሁ አመንኩ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ እኔ ደቦ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። አባቴ ጎረቤት ለደቦ ሲጠራው ምን ልሠራ ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ማጭዱን አንስቶ ነው የሚወጣው። መጠየቅ ነውር ነው። የእርዳታ ጥሪን የሚመረምር ሰው ሊቀር ያሰበ ሰው ነው ይባላል። እኔም ያንኑ አደረግኩ። የማዘርን በግ የበላ ሁሉ ይነሳ ብዬ ዓርብ መስጊድ ተናገርኩ፣ ብርሃኑም ለእነሱ ሰዎች ተናገረ። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ዘሀራ በትልቁ ድስት ሩዝ ሠራች፣ ከድስቱ ጋር ክዳኑን በፎጣ አስራ ሁላችንን የሚወስደው ቫን ላይ ጫነችው። አንዱ የቤተክርስቲያን ጫማውን አድርጎ መጥቶ ሲሰደብ ዋለ። መንገድ ላይ በደቦ ዜማ ስለ እባብ ግጥም እየፈጠርን፣ ለማዘር ዓይን ምሕረት እየለመንን ሄድን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

በሩ ላይ ስንደርስ የሰፈርተኞቹ ፒክአፕ መኪናዎች ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር። ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩ። ባለ ሪዙ ሰውዬ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ በጣም ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ቀይ ጀሪካን አስያዘኝና ወደ ኮረብታው አመለከተኝ። ከበደኝ፤ ግን ለደቦ የመጣ ሰው ከበደኝ አይልም፣ ተሸክሜ ወጣሁ። ቤንዚን መሆኑ ሸቶኛል። የሆነ ማሽን ይኖራቸዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። እሱ ግን ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብሎ እንደ ተባይ መርጫ ያለ ዕቃ ውስጥ ሞላው፣ ረጅሙን የመዳብ ቱቦ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እስከ ክንዱ ድረስ አስገባና ረጨ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከመሬቱ ውስጥ ደረቅ ባቄላ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተነሳ፤ እየበዛ፣ እየበዛ ሄደ። ባለቃጭሎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ ወጡ። በሜንጦ እያነሱ ወንፊት ሽቦ በተመታበት ሳጥን ውስጥ ጨመሯቸው።

ከላይ ሲጨርሱ ወደ ግርጌው ወረዱ። እዚያ ጉድጓዶች ውስጥ እባብ ይደበቃል ይላሉ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ቱቦው ገባ። ከአንዱ እንቁራሪት ወጣች፣ ቆዳዋ እያብረቀረቀ፣ ሁለቴ ዘልላ ቀረች። ከአንዱ ጥንቸል ወጥታ ክብ እየሠራች ሮጠች። ከአንዱ ጉጉቷ ወጣች። መብረር አልቻለችም፤ ክንፏን መሬት ላይ እየጎተተች በእግሯ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። አንዱ ሰውዬ በቦት ጫማው ገፋ አደረጋት። በክፋት አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ እንደሚገፋ ሰው ነው። ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ።

"ሀሰን፣ ይሄ ደቦ አይደለም" አሉኝ። "ደቦ ላይ ባለቤት ይኖራል። ባለቤቷ የታሉ?"

ብርሃኑ ፒክአፕ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሄጄ "አቁሙ በላቸው" አልኩት።

"አሁን ስቶፕ ማድረግ አይቻልም፣ ፕሮግራም ነው" አለኝ።

"ሩቅ ይለቋቸዋል ብለህ የለም?"

"መጀመሪያ ሾው አላቸው።"

በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛዬ ራሴ ጮህኩ። አቁሙ፣ የማዘር ቤት ነው፣ አይሆንም አልኩ። ሁሉም ዘወር ብለው እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ብርሃኑን አዩት። እሱ አንድ ነገር አላቸው። ሳቁ። ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። የእኛ ሰዎች አንድ በአንድ የያዙትን እያስቀመጡ ወደ ቫኑ ወረዱ። ሩዙን ማንም አልበላውም።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ቤታቸው አድርሼ ብቻዬን ወደ በዓሉ ሜዳ ነዳሁ። ይለቋቸዋል ያለኝን በዓይኔ ላይ ብዬ ነው፤ የዋህ ሰው ተስፋው ቶሎ አያልቅም። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ልጆች ፊኛ ይዘዋል፣ የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። እባቦቹን በጣውላ በታጠረ ሜዳ ውስጥ ዘርግፈዋቸዋል፤ ሰዎች በቦት ጫማ መሃላቸው ይመላለሳሉ። ከዳር አንድ ግንድ አለ። አንዱን አንስተው እዚያ ላይ ይቆርጡታል፣ ሌላው ከግንዱ ሥር ሆኖ ያያል። ቆዳው ገመድ ላይ እንደ ታጠበ ካልሲ ተሰጥቷል። እባብ ያይ አያይ እንደሆን አላውቅም። እኔ ግን አንድ በግ ሌላው ሲታረድ እንዳያይ ዘወር እያደረግኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መቆም አቃተኝ። ልወጣ ስል ሰልፉ መጣ። ብርሃኑ የፊተኛው መኪና ላይ ነበር። ከነባርኔጣው፣ ከነቀበቶው፣ ለሕዝቡ እጁን እያውለበለበ። አየኝ። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ዶናት ቤቷ ደጃፍ ተገናኘን። "እባብ ነው እኮ ሀሰን" አለኝ። "ለእባብ ብለህ ነው ወንድምህን የምትጣላው?"

"ማዘር በስልክ ምን አሉህ?"

"ነገርኩህ እኮ" አለና ቦት ጫማውን አየ።

ታክሲዋን ለብቻ መያዝ ስላልቻልን ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ገደማ አብረን ነዳናት። ቁልፉን ግን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ቀረ፤ እሱ ምንጣፉ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል፣ እኔም እንዲሁ። ወንበሩን በየጠዋቱ ወደ ፊት እስባለሁ። ስድቡ ቀረ። አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰው ያወራልኛል፣ እኔም ሰላም በሉልኝ እላለሁ። ሰላም ስል ግን ከጥርሴ ነው።

በዚያ በጋ ጎተራው በአይጥ ተወረረ። በቀን፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ ከረጢት ለከረጢት ይሯሯጡ ነበር። ማዘር ድመት አመጡ፣ ወጥመድ አመጡ፣ አልሆነም፤ እባቦቹ ስንት ዓመት ሙሉ ሳንሰማቸው የሠሩት ሥራ ነበር። ጉጉት በዚያም ዓመት በሚቀጥለውም አልመጣችም። ጉድጓዶቹ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቤንዚን ይሸታሉ። ማዘር በግ መሸጡን አልተዉም፣ ግን በጉን ራሳቸው ጎትተው እስከ በሩ ያመጡልናል፣ በሩ አይከፈትም። ሰማያዊውንና ነጩን መስቀያ ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ሆነን ነው ያየነው። ዛሬ ቦታው ሁሉ ቤት ሆኗል፤ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ቀለም። ባለፈው ዓመት ለቤት ምረቃ ተጠርተን ስንሄድ ኮረብታውን ብፈልግ ደልድለውታል። የመንገዱን ስም አነበብኩት፤ በጉጉት ስም ሰይመውታል። ዘሀራ "ምን ያስቅሃል?" አለችኝ። እየሳቅኩ አልነበረም።

ማዘር ከቶርንተን የተመለሱት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ልጃቸው ሻንጣ ስታወርድ እሳቸው ጥቁር መነጽር አድርገው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ የቅርቡን እንጂ የሩቁን ገና አያዩም። ብቻዬን ነው የሄድኩት። አስተርጓሚ እንደማልፈልግ ለራሴ ምዬ ነበር። እጄን ያዙና ፊታቸውን ወደ ኮረብታው አዞሩ።

"ጉጉቶቹ ወጥተዋል? እስቲ እይልኝ" አሉ።

እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። አዎ ወጥተዋል ብላቸው ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ዓይናቸው እስኪጠራ ሌላ ሁለት ሳምንት አገኛለሁ።

"የሉም" አልኳቸው። "እባብም የለም። ሰዎች መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

የቀረውን በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው፤ ቱቦውን፣ ሳጥኑን፣ ጉጉቷን። ሲያዳምጡ እጄን አልለቀቁም። ከዚያ፣ እነዚያ ሰዎች ባላቸው በሕይወት እያለም በየዓመቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይለምኑ እንደነበር ነገሩኝ። "እምቢ ስንላቸው ይሄዱ ነበር" አሉ። "አንድ ቀን እንኳ አጥሬን ቆርጠው አያውቁም።"

"ብርሃኑ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ" አልኩ። "ሀሰን ይክፈት ብለዋል አለኝ። ስሜን ሲጠሩ ሰምቻለሁ።"

ማዘር መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል። እንዲገባኝ ቃል በቃል እየለዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"እነዚያ ሰዎች ዘንድሮም እየጠየቁ ነው አለኝ። እኔም፣ 'አልሰጋም፣ ቁልፉ ሀሰን ጋ ነው፣ እዚህ እንቅልፍ የሚወስደኝ ለዚያ ነው በለው' አልኩት። አልነገረህም?"

አልነገረኝም። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ያቺን የእንቅልፋቸውን ቃል ብቻ አድርሶልኝ ሌላውን በሙሉ ቢዋሸኝ ኖሮ፣ አሥራ አንድ አይደለም መቶ ሰው ቢያሰልፍ በሩን አልከፍትም ነበር። ብርሃኑም ይህን ያውቅ ነበር።